ዓሣ ነባሪን በዓይንና በጆሮ መቁጠር፦ የሄብሪዲስ ደሴቶች የጉዞ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኦገስት 12 ቀን 2023፦ ከግላስጎ ወደ ኦባን

ከግላስጎ ኩዊን ስትሪት ጣቢያ ተነስቶ ኦባን የሚገባው ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። መስመሩ ነጠላ ሐዲድ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ጣቢያ ላይ ቆሞ ከፊት የሚመጣውን ያሳልፋል። ሐይቅና ተራራ እየተፈራረቁ ስለሚያልፉ መሰልቸት የለም። ሻንጣዬ ውስጥ ወፍራም ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ የማቅለሽለሽ ኪኒን፣ ሽሮና በርበሬ አለ። ጾመ ፍልሰታ ስለገባ ስንቄን አስቤበት ነው የያዝኩት።

የምሄደው ዓሣ ነባሪ ልቆጥር ነው። ማል በምትባለው ደሴት፣ ቶበርሞሪ ከተማ ውስጥ፣ የሄብሪዲስ ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ትረስት የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት አለ። የተቋቋመው በ1994 ነው። ሲሉሪያን የምትባል 18 ሜትር ገደማ የምትረዝም ባለ ሸራ ጀልባ አለችው። በየበጋው የስኮትላንድን ምዕራብ ባሕር እያቋረጠች እንስሳቱን ታጠናለች። ሥራውን የሚሠሩት ጥቂት ባለሙያዎችና እንደ እኔ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በጎ ፈቃደኛው ይከፍላል እንጂ አይከፈለውም። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፣ እኔም ክረምቱን ሙሉ ሳጠራቅም ነበር። ግን ጥናቱ የሚካሄደው በዚሁ ገንዘብ ስለሆነ አልቆጨኝም። የሳይንስ ትምህርት አይጠይቁም። ዓይንና ትዕግሥት ካለህ ሌላውን እናስተምርሃለን ነው የሚሉት።

ኦባን ስደርስ የማታው መርከብ በቴክኒክ ችግር ተሰርዟል። ትኬት መስኮቱ ፊት የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው። አንዲት እናት ሁለት ሕፃናት ይዛ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ለደሴት ነዋሪ መርከብ ማለት መንገድ ነው። መንገዱ ተዘጋ ማለት ሐኪም ቤቱም፣ ሱቁም፣ ቤቱም ተዘጋ ማለት ነው። የነገ ጠዋት ቦታ ተሰጠኝና 34 ፓውንድ ከፍዬ አንድ ሆስቴል አደርኩ። እራቴ ወደቡ ዳር የተገዛ ቺፕስ ነበር፣ 4 ፓውንድ። ዓሣው ደግሞ ትኩስ ትኩሱን ከዘይት እየወጣ ሽታው ይፈታተናል።

ማታ ባሕር ዳር ከተማ ላለችው እናቴ ደወልኩ።

«ልጄ፣ ደግሞ ባሕር ላይ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ዓሣ ነባሪ ልቆጥር ነው፣ እማዬ።»

«የዮናስን?» አለችና ዝም አለች። «በይ እመቤቴ ትጠብቅሽ። ከጀልባዋ ጫፍ እንዳትቆሚ።»

ሥራው ጀልባዋ ላይ ከፍ ብሎ መቆም መሆኑን አልነገርኳትም።

እሑድ፣ ኦገስት 13፦ ክሬግኒዩር፣ ከዚያ ቶበርሞሪ

መርከቡ ከኦባን ክሬግኒዩር ለመድረስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ለእግረኛ ዋጋው ያኔ ከ5 ፓውንድ በታች ነበር። ከዚያ አውቶቡስ ወደ ቶበርሞሪ ይወስዳል። መንገዱ ብዙ ቦታ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። በየመቶ ሜትሩ መተላለፊያ ኪስ አለው። አንዱ ገባ ብሎ ይቆማል፣ ሌላው እጁን አንስቶ አመስግኖ ያልፋል። ሾፌራችን እስክንደርስ ድረስ አንዱንም ሳያመሰግን አላለፈም።

ቶበርሞሪ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ የተቀቡ ቤቶች ወደቡን ከበው የተደረደሩባት ትንሽ ከተማ ናት። ነዋሪዋ አንድ ሺህ ገደማ ነው። የትረስቱ ቤት ዋናው መንገድ ላይ ነው፣ መግቢያው ነፃ። ግድግዳው ላይ በዚያ ሰሞን ማን የት ምን እንዳየ የሚጻፍበት ካርታ አለ። ካርታው ፊት ከቆመው ሰው ሁሉ የምሰማው ግን አንድ ወሬ ነው። ከአንድ ወር በፊት፣ ጁላይ 16፣ ሉዊስ ደሴት ላይ ቶልስታ በሚባል የባሕር ዳርቻ 55 ፓይለት ዌል የሚባሉ ዓሣ ነባሪዎች አብረው አሸዋ ላይ ወጥተው አብዛኞቹ እዚያው አልቀዋል። ፓይለት ዌል ዘመዱን ጥሎ አይሄድም። አንዷ ስትቸገር መንጋው ተከትሏት ይሄዳል። ካርታውን ስታሳየን የነበረችው ወጣት ስለዚያ ቀን ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ። እኔም ጨክኜ ብዙ አልጠየቅኳትም።

ሰኞ፣ ኦገስት 14፦ ሲሉሪያን ላይ

ጠዋት ዝናብ ነበር። ጀልባዋ ከውጭ ስትታይ ታምራለች፣ ከውስጥ ግን ጠባብ ናት። አልጋዬ ከጎን ወደ ጎን ለመገላበጥ እንኳ ማሰብ የሚያስፈልገው ዓይነት ነው። ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው አይችልም። ምድጃው ጀልባዋ ስታዘነብል አብሮ እየተወዛወዘ ድስቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ይሄ በጣም ገረመኝ።

ሥልጠናው እስከ ከሰዓት ቆየ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጀልባዋ ስትሄድ ሁለት ሰው ምሰሶው ፊት ይቆማል። አንዱ ከጀልባዋ አፍንጫ ጀምሮ እስከ ግራ ጎኗ፣ ሌላው እስከ ቀኝ ጎኗ ያለውን ባሕር ብቻ ያያል። የሌላውን ጎን መስረቅ የለም። እንስሳ ካየ ይጮኻል። ከዚያ ሦስት ነገር ይናገራል፦ ምንድነው፣ በስንት ዲግሪ ነው፣ ምን ያህል ይርቃል። ዲግሪውን ፊቱ ካለው ሰሌዳ ላይ ያነባል። ታች ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠው ሰው ወዲያው ይመዘግባል። የባሕሩ ሁኔታ፣ የደመናው መጠን፣ የፀሐይ ነጸብራቅ ሳይቀር በየጊዜው ይጻፋል።

ዲግሪና ርቀት ለምን እንደሚያስፈልግ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። የሳይንስ ኃላፊዋ ወረቀት አውጥታ መስመር ሳበች። «ይሄ እኛ የሄድንበት ነው» አለች። «መስመራችን ላይ ያለውን እንስሳ የማየት ዕድላችን ከፍተኛ ነው። እየራቀ ሲሄድ ግን እየሳትነው እንሄዳለን። እያንዳንዱ እንስሳ ከመስመራችን ስንት ሜትር እንደራቀ ካወቅን፣ ሳናየው የቀረውን መገመት እንችላለን።» ጠቅላላው ቆጠራ የቆመው በዚህ ላይ ነው። የታየውን መደመር ብቻ አይደለም። ያልታየው ስንት እንደሆነ በልክ መገመት ነው።

ከዚያ ጆሮው አለ። ሃይድሮፎን የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን ነው። ከጀልባዋ ኋላ ወደ 100 ሜትር በሚረዝም ገመድ ይጎተታል። ጫፉ ላይ ያለው ቱቦ ውስጥ ከአንድ በላይ ማይክሮፎን አለ። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሮጣል፣ በአየር ከሚሮጠው ከአራት እጥፍ በላይ። ድምፁ አንደኛው ማይክሮፎን ጋ ከሌላኛው ቀድሞ ይደርሳል። ከዚያች ቅንጣት ልዩነት ኮምፒውተሩ አቅጣጫውን ያሰላል።

የዚህ ባሕር ዋና ነዋሪ ሃርበር ፖርፖይዝ ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙ የማይበልጥ፣ ዓይን አፋር የዓሣ ነባሪ ዘመድ። እንደ ሌሊት ወፍ በድምፅ ነው መንገዱን የሚያየው። ድምፁ 130 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። የሰው ጆሮ 20 ላይ ያቆማል። ስለዚህ ማዳመጫ ብታደርጉም አትሰሙትም። ስክሪኑ ላይ ተከታትለው የሚወርዱ ነጠብጣቦች ሆኖ ነው የሚታየው።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 15፦ ከቶበርሞሪ ወደ ካና

አርድናመርካን የሚባለውን ጫፍ ዞርን። የብሪታንያ ዋና ምድር በምዕራብ የሚያልቀው እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ውሃ ሌላ ነው። ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረች። ኪኒኑን ብውጥም ሆዴ አልሰማም። ካፒቴኑ መሪውን አስያዘኝ። «አድማሱን እያየሽ ንጂ፣ ይተውሻል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተወኝ።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። የጣና ውሃ ዳር ቆሜ ጉማሬ ስጠብቅ ነው የልጅነቴ እሑድ ያለፈው። ጣና ላይ ግን ውሃው ያርፋል። እዚህ ውሃው ራሱ ሥራ ላይ ነው። ማዕበሉ ጫፉ ላይ ነጭ አረፋ ካወጣ ፖርፖይዝ ማየት አበቃለት። ጀርባው ብቅ ብሎ የሚጠፋው በአንድ ትንፋሽ ነው። ለዚህ ነው የባሕሩን ሁኔታ በቁጥር የሚመዘግቡት። ቁጥሩ ከፍ ሲል የዓይን ቆጠራ ስለ ፖርፖይዝ የሚለው ነገር አይታመንም። ጆሮው ግን ይቀጥላል።

ይሄን በዓይኔ አየሁት። ማክ የምትባለውን ደሴት አልፈን ታች ኮምፒውተሩ ጋ ተራዬ ደረሰ። ላይ ያሉት ሁለቱ ለረጅም ጊዜ አንድም ቃል አልተናገሩም። ስክሪኑ ላይ ግን ነጠብጣቦቹ መጡ። መጀመሪያ ከፊት፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ኋላ በቀጭን መስመር አለፉ። እንስሳው ከእኛ ምናልባት ሁለት መቶ ሜትር ባልሞላ ርቀት፣ ከውሃው በታች፣ የራሱን ዓሣ እየፈለገ አልፎናል። ማንም አላየውም። ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ደረቴ ሲመታ ተሰማኝ።

በየሩብ ሰዓቱ ደግሞ ማዳመጫ አድርጎ አንድ ደቂቃ መስማትና የሰሙትን ደረጃ መስጠት አለ። ሞተር፣ ማዕበል፣ ዶልፊን፣ ምንም። ከሰዓት በኋላ ዶልፊኖቹ ሲመጡ ማዳመጫው እኔ ጆሮ ላይ ነበር። ፉጨታቸው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ ይደራረባል፣ ከመሐል ደግሞ ዘይት ላይ ሽንኩርት እንደጣሉ ዓይነት ጩጩታ ይነሳል። ላይ ሰው ሲጮህ ሰማሁ። እየሮጥኩ ወጣሁ። ኮመን ዶልፊኖች፣ ጎናቸው ላይ ቢጫ ያላቸው፣ ጀልባዋ አፍንጫ ሥር ይጋልባሉ። አንዷ ጥጃዋን ጎኗ ላይ ለጥፋ አብራት ትዘላለች።

ማታ ካና በምትባለው ደሴት ወደብ መልሕቅ ጣልን። ካና ላይ የሚኖረው ሰው ከ20 አይበልጥም። ሱቅ አላቸው፣ ሻጭ የለውም። 24 ሰዓት ክፍት ነው። የወሰድከውን ደብተር ላይ ጽፈህ ገንዘቡን ትከፍላለህ። ብስኩትና የአጃ ወተት ወሰድኩ፣ 4 ፓውንድ ከ60 ጻፍኩ፣ ከፈልኩ። በ2015 ሌባ ገብቶበት ነበር፣ ያኔ አገር ምድሩ አዘነ። ሱቁን ግን አልቆለፉትም። እንዲህ ያለ እምነት ይዘው መቀጠላቸው ደስ አሰኘኝ።

ነፋሱ ሲቆም ሚጅ የሚሏት ቅንጣት ትንኝ ወረደች። ከጆሮዬ ጀርባ፣ ከፀጉሬ ሥር፣ ከቅንድቤ ላይ። ቀን ላይ ነፋሱን ስረግም የነበርኩት ሰው ማታ ነፋስ ጸለይኩ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 16፦ ከካና ወደ ሎክቦይስዴል

ከካና ተነስተን ወደ ሳውዝ ዩስት ደሴት አቀናን። ባሕሩ ጸጥ ያለ፣ ብርሃኑ የጠራ። ሁላችንም ዛሬ ነው አልን። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ምንም የለም። ወፍ አለ። ከረም ደሴት የሚመጡት ማንክስ ሺርዋተሮች ክንፋቸው ውሃውን ሊነካ ሲል እየታጠፉ ያልፋሉ። ረም ላይ የሚፈለፍሉት ጥንዶች ከአንድ መቶ ሺህ ይበልጣሉ፣ በዓለም ከትልልቆቹ መንጋዎች አንዱ ነው። ዓሣ ነባሪ ግን የለም። ኮምፒውተሩም ባዶ ነው።

አንዱ በጎ ፈቃደኛ፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ተስፋ ቆረጠ። «ይሄን ሁሉ ብር ከፍዬ ባዶ ውሃ» አለ። የሳይንስ ኃላፊዋ በቁጣ አይደለም፣ ግን በቁም ነገር መለሰችለት። ባዶው ውሃ ካልተመዘገበ የሞላው ውሃ ትርጉም የለውም። አሥር ዓሣ ነባሪ ታየ ቢባል በስንት ኪሎ ሜትር ነው? በጥሩ ባሕር ነው በመጥፎ? ዘንድሮ አምስት፣ አምና አሥር ቢሆን እንስሳው ቀነሰ ወይስ እኛ ሳናይ ቀረን? ይሄን የሚመልሰው «ፈለግን፣ እዚህ አልነበረም» የሚለው መስመር ነው። እኔ ከዚያ በኋላ ለባዶው ሰዓት ያለኝ አክብሮት ጨመረ። ተራዬ ሲደርስ ዓይኔን ከውሃው አላነሳሁም።

ከሰዓት ጉድ መጣ። የሃይድሮፎኑ ገመድ ድንገት ተወጠረ። የሸርጣንና የሎብስተር ወጥመድ ገመድ ላይ ተጠምጥሟል። ካፒቴኑ ጀልባዋን አቆመ። አራት ሆነን እየተጋገዝን ሳብን። አልጌው እጅ ያዳልጣል፣ ውሃው ደግሞ ነሐሴም ሆኖ አጥንት ይሰብራል። አንድ ሰዓት ፈጀብን፣ የወጥመዱ ባለቤት እንዳይጎዳ ገመዱን ሳይቆርጡ ነው የፈቱት። እንዲህ ያለ ገመድ ዓሣ ነባሪንም ያንቃል። ትረስቱ በየጉዞው የወጥመድ ተንሳፋፊዎችን ጭምር የሚቆጥረው ለዚህ ነው።

እራት የማብሰል ተራ የእኔ ነበር። ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ በርበሬውን አማስዬ ሽሮ ሠራሁ። እንጀራ የለም፣ በሩዝ በላነው። ሽታው እስከ ካፒቴኑ ክፍል ሄደ። ጾም ላይ መሆኔን ሳስረዳ «ቪጋን ነሽ ማለት ነው» አሉኝ። እስከ ነሐሴ 16 ብቻ አልኳቸው። መምህሩ ሦስቴ ጨመረ። ቀኑን ሙሉ ካኮረፈበት ውሃ ያስታረቀው ሽሮው ሳይሆን አይቀርም።

ሻይ ላይ የሳይንስ ኃላፊዋ የአላስካውን ታሪክ ነገረችን። ይሄን ታሪክ ለማንም ብነግረው አልጠግብም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሳይንቲስቶች በአላስካ ሰሜን ጫፍ የሚያልፈው ቦውሄድ ዓሣ ነባሪ ከ2,000 በታች ነው ብለው ገመቱ። የቆጠሩት በረዶ ጫፍ ላይ ቆመው፣ ክፍት ውሃ ላይ ያዩትን ነው። በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን አደኑን ለማቆም ወሰነ። ከዓሣ ነባሪው ጋር በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የኖሩት ኢኑፒያት የሚባሉት የአካባቢው አዳኞች ግን «ቁጥራችሁ ልክ አይደለም» አሉ። «ዓሣ ነባሪው በረዶ ሥርም ይሄዳል። በረዶውን በጭንቅላቱ ሰብሮ ይተነፍሳል። ደግሞም ከዳር ርቆ ያልፋል፣ እናንተ አታዩትም።» ከዚያ ሃይድሮፎኖች በረዶ ሥር ተሰቀሉ። ድምፁ መጣ። ሰው ባላየበት ሰዓት፣ በረዶ ሥር፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ዓሣ ነባሪዎች እየዘመሩ ያልፉ ነበር። አዳኞቹ እውነት ነበራቸው። የዓይኑና የጆሮው ቆጠራ ሲጣመር ቁጥሩ በየጊዜው ከፍ አለ፣ በ2011 የተሠራው ግምት 16,900 ገደማ ደርሷል። መንጋውም በእነዚያ ዓመታት በእርግጥ እያገገመ ነበር። የመጀመሪያው ስህተት ግን ያላዩትን የለም ማለታቸው ነው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 17፦ ከሎክቦይስዴል ወደ ኮል

ሎክቦይስዴልን ለቀን ስንወጣ ካፒቴኑ የአየር ትንበያውን ሰምቷል። ቤቲ የሚሉት ማዕበል ነገ ማታ ከአየርላንድ በኩል ይገባል። ስለዚህ ረጅም መንገድ ሄደን ኮል እንደር፣ ነገ ቶበርሞሪ እንግባ ተባለ።

ያለንበት ውሃ የሄብሪዲስ ባሕር ጥብቅ ስፍራ ነው። በዲሴምበር 2020 ለሚንኪ ዓሣ ነባሪና ለባስኪንግ ሻርክ ተብሎ የተከለለ፣ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ክልሉ ሲወሰን እንደ ሲሉሪያን ባሉ ጀልባዎች ለዓመታት የተጠራቀመው መረጃ ግብዓት ሆኗል። ሚንኪ እዚህ ባሕር ላይ ለሃይድሮፎኑ ብዙ አይናገርም። ስለዚህ ዓይን የግድ ነው። ለፖርፖይዝ ጆሮ፣ ለሚንኪ ዓይን፣ ለዶልፊን ሁለቱም።

ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ቀኝ ጎን ላይ ቆሜያለሁ። ጋኔት የሚባሉት ትልልቅ ነጭ ወፎች አንድ ቦታ ላይ ከሰማይ እየተወረወሩ ውሃው ውስጥ ይሰጥማሉ። ካፒቴኑ ከኋላ «ወፎቹን ጠብቂ» አለኝ። ጠበቅኩ። ውሃው ላይ መጀመሪያ ለስላሳ ክብ ታየ። ከዚያ ጥቁር ጀርባ ወጣ፣ ረጅም፣ ዘገምተኛ፣ የሚያበራ። ጀርባው አልቆ አያልቅም። በመጨረሻ ትንሽ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠች ክንፍ መጣች፣ ተከትላው ገባች።

«ሚንኪ! አርባ ዲግሪ፣ ሦስት መቶ ሜትር!» ያልኩት በእንግሊዝኛ ይሁን በአማርኛ አላውቅም። ታች ያለው ግን መዝግቦታል።

ለአምስት ደቂቃ ያህል ጠፋ። ማንም አልተናገረም። ከዚያ ከግራ በኩል፣ ካሰብነው በጣም ቀርቦ ወጣ። ትንፋሹ ተሰማ፣ አጭርና ከባድ። ነፋሱ ወደ እኛ ሲመልሰው የበሰበሰ ጎመን ሽታ ጀልባዋን ሞላት። አፍንጫዬን አልያዝኩም። ጎኑ ዞር ሲል ክንዱ ላይ ያለችው ነጭ መቀነት ከውሃው በታች አረንጓዴ ሆና በራች። የሳይንስ ኃላፊዋ የጀርባ ክንፉን በካሜራ ደጋግማ አነሳችው። ክንፉ ኋላ ላይ ሁለት ቁራጭ ጎድሎታል። በዚያ ምልክት ነው ማን መሆኑ የሚታወቀው፣ አምና የታየ ከሆነም ከፎቶ ማኅደሩ ይገኛል።

ወደ ኮል ስንጠጋ በምዕራብ ታይሪ ደሴት ዝቅ ብላ ታየች። በጃንዋሪ 2016 ሉሉ የምትባለዋ ኦርካ (ገዳይ ዓሣ ነባሪ) ሞታ የተገኘችው እዚያ ነው። ገመድ ታስሮባት ነበር። ስትመረመር በስቧ ውስጥ የተገኘው ፒሲቢ የተባለ ኬሚካል ከዚያ በፊት በኦርካ ላይ ከተለኩት ከፍተኛ መጠኖች አንዱ ነው። እንግሊዝ አገር ይሄን ኬሚካል ከከለከለች አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ባሕሩ ግን አልረሳውም። ሉሉ ቢያንስ 20 ዓመቷ ነበር፣ አንድም ጊዜ አልወለደችም። የእሷ መንጋ ላይ ጥናት ከተጀመረ ወዲህ አንድ ግልገል አልታየም። በቅርብ ዓመታት እየታዩ ያሉት «ጆን ኮ» እና «አኳሪየስ» የሚባሉ ሁለት ሽማግሌ ወንዶች ብቻ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ሲያልፉ ከስኮትላንድ ምዕራብ ልዩ የሆነው ወገን ያበቃል። እኛ አላየናቸውም። ቀኑን ሙሉ ግን ያን ከፍ ያለ ክንፍ ፍለጋ አድማሱን ስንቃኝ ነበር።

ዓርብና ቅዳሜ፣ ኦገስት 18 እና 19፦ ቶበርሞሪ ላይ ታስሮ

ዓርብ ጠዋት ከኮል ቶበርሞሪ ገባን። ማታ ቤቲ ደረሰች። ወደቡ የተከለለ ቢሆንም ገመዶቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፏጩ አደሩ። ትንሽ ነው የተኛሁት።

ቅዳሜ ከጀልባዋ አልወጣንም። የሰበሰብነውን መረጃ ከወረቀት ጋር እያመሳከርን አረምን። አሰልቺ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን ወደድኩት። ፎቶዎቹ ተለዩ፣ የድምፅ ፋይሎቹ ተቀመጡ። የሳይንስ ኃላፊዋ የድሮ ቅጂ አሰማችን። ጩኸት ነው፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ጆሮ የሚበሳ። የሳልሞን እርባታዎች «ሲል» የሚባለውን ዓሣ በላ የባሕር እንስሳ ለማባረር ውሃ ውስጥ የሚያሰሙት መሣሪያ ነው። ሲሉሪያን ፖርፖይዝ ፍለጋ በጎተተችው ሃይድሮፎን ከ2006 እስከ 2016 የቀዳችው ድምፅ፣ ይሄ ጩኸት በምዕራቡ ባሕር ላይ እንዴት እየተስፋፋ እንደሄደ በካርታ አሳይቷል። ጥናቱ በ2018 ታተመ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ላይ ቁጥጥሩ ጠብቆ አብዛኛው ጠፍቷል። ቀረጻው ሲጀመር ማንም ስለ እርባታ አላሰበም። ያኔ ዝም ብለው ሁሉንም ባይቀዱ ኖሮ ይሄ ማስረጃ ከየትም አይመጣም ነበር።

ትልልቁን ቆጠራ ስካንስ የሚባለው የአውሮፓ አገሮች ጥናት ይሠራዋል፣ በአውሮፕላንና በመርከብ። የተደረገው በ1994፣ በ2005፣ በ2016 እና በ2022 ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። አንድ እንስሳ በዚያ መሐል ቢጠፋ ማን ያውቃል? በየዓመቱ የሚሄዱት ትንንሾቹ ጀልባዎች ናቸው።

እሑድ፣ ኦገስት 20፦ ወደ ቤት

ነፋሱ አልፎ መርከቡ ወደ ሥራው ተመልሷል። ክሬግኒዩር ላይ ከወረፋው ጋር ተሳፈርኩ። አብዛኛው ሰው ውስጥ ገብቶ ሾርባ ያዘ። እኔ ውጭ ቆምኩ። ትረስቱ ዌል ትራክ የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለው። ማንም ሰው፣ መርከብ ላይም ይሁን ገደል አፋፍ፣ ያየውን ይመዘግብበታል። ጉዞህን ከፍተህ መንገድህንም ታስመዘግባለህ፣ ባታይም ይጠቅማል። አንድ የስምንት ዓመት ያህል ልጅ አጠገቤ ቆሞ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ግራውን ሰጠሁት፣ ቀኙን ያዝኩ። ሊስሞር የሚባለውን የመብራት ማማ አልፈን «እዚያ! እዚያ!» አለ። ሁለት ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ክንፎች ነበሩ። አባቱ ከውስጥ ሲወጣ ቀድመው ገብተዋል።

ስኮትላንድ ያላችሁ፣ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ መርከብ ላይ ከወጣችሁ ውጭ ቁሙ። ወፍራም ሹራብ ያዙ። ነፋስ በሌለበት ቀን ሂዱ፣ ውሃው ለጥ ሲል ነው ፖርፖይዝ የሚታየው። የኦባን ባቡር ትኬት አስቀድሞ ሲገዛ ይረክሳል። ደሴት ላይ ለማደር ካሰባችሁ ደግሞ መርከቡ ሊሰረዝ እንደሚችል አስቡና ለአንድ ሌሊት መጠባበቂያ ገንዘብ ያዙ።